ፍርሃትም ተራ አለው

ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ ከተሜው ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፒያሳ አካባቢ የተከፈተው የፊልም ማሳያ በዚህ ስም መጠራቱን የከተማዋን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙዎቻችንም የአያቶቻችንን የዋህነት ማሳያ አድርገን እየሳቅን እንተርከዋለን። ከሳቁ ሥር ግን ቁም ነገር አለ ባይ ነኝ። ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ጨለማ ቤት ገብቶ በሌለ ነገር መደንገጡ ከማን ወገን ነው? ፈሪሃ እግዚአብሔር የጥበብ መጀመሪያ መሆኑን ሲማር ያደገ ሕዝብ ይህን ሌላ ፍርሃት የት ያስቀምጠው? ጥያቄው ዛሬ ከፒያሳ ወደ መርካቶ ወርዷል። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በጉርብትና በቆሙበት፣ ሲኒማ ራስም ለብዙ ዘመን ፊልም ባሳየበት በአዲስ ከተማ፣ በፍላሽና በሚሞሪ ፊልም የሚጭኑ ጠባብ ሱቆች አሉ። አንዱ ደንበኛ መዝሙር ያስጭናል፣ ሌላው መንዙማ፣ ሌላው የህንድ ፊልም፤ አንዱ ጎረምሳ ደግሞ «ሆረር ካለህ ጫንልኝ» ይላል። ሁሉም የሚስተናገዱት ከአንድ ኮምፒውተር ነው።

ከዚህ ሁሉ ትንሹን ነገር ልምረጥ፤ የአስፈሪ ፊልም ቲዘርን፣ ማለትም ፊልሙን ለማስተዋወቅ የሚለቀቀውን አጭር ቅንጭብ። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ፊልም ታሪክ አለው፣ ገጸ ባሕርይ አለው፣ አንዳንዴም ምክር አይጠፋውም። ቲዘሩ ግን ከአንድ ደቂቃ ብዙም በማይርቅ ጊዜ ውስጥ ሥራው ማስፈራት ብቻ ነው። አሥሩን ያየ ሰው አሥራ አንደኛውን ሳያየው ሊተርከው ይችላል። መጀመሪያ የፊልም ኩባንያው ዓርማ ይመጣል፤ ሌላ ጊዜ በቀለም የሚያብረቀርቀው ዓርማ አሁን ግራጫ ሆኖ ይርገበገባል። ቀጥሎ ሰላም ነው፦ አዲስ ቤት የገባ ቤተሰብ፣ ዕቃ የምታራግፍ እናት፣ ደረጃው ላይ የሚሯሯጥ ልጅ። ከዚያ አንዲት ጥቂት ነገር ትበላሻለች፤ ልጁ ማንም በሌለበት ጥግ ቆሞ ከሆነ ሰው ጋር ያወራል። ሙዚቃው ይቋረጣል። ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ነጭ ፊደል ይወጣል፤ እንደገና ይጠቁራል። ከጨለማው ውስጥ የሕፃን ዜማ ወይም የአሮጌ ሸክላ ድምፅ ይሰማል። በር በራሱ ይከፈታል፤ ካሜራው ወደ በሩ ይጠጋል፣ ይጠጋል፣ እንዳይጠጋ በምንፈልገው መጠን ይጠጋል። ድምፁ ጣሪያ ይነካና ዝም ይላል። ርዕሱ ይወጣል። ተመልካቹ አበቃ ብሎ ሲተነፍስ፣ ከርዕሱ በኋላ፣ አንድ ፊት በጩኸት ስክሪኑን ይሞላዋል። ይህች የመጨረሻዋ ድንጋጤ ከመለመዷ የተነሳ ዛሬ ያልመጣች እንደሆነ ነው ተመልካቹ የሚገረመው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ መሃል ጭራቁን በቅጡ አላየነውም። የቲዘር ሕግ መንፈግ ነው። ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለሠራው «ዘ ሻይኒንግ» የተለቀቀው ቲዘር ከአንድ ምስል ውጪ ምንም የለውም፤ የሆቴል ሊፍት በር፣ ከበሩ የሚጎርፍ ደም፣ በላዩ የሚያልፍ የስም ዝርዝር። የ1979ኙ «ኤሊየን» ማስታወቂያ አንድም ንግግር ሳያሰማ፣ የሚሰነጠቅ እንቁላልና የሚሮጥ ሰው አሳይቶ ይጨርሳል። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ለ«ሳይኮ» ያዘጋጀው ማስታወቂያ ደግሞ ራሱን ዳይሬክተሩን ቤት እንደሚያስጎበኝ ደላላ ያቀርበዋል፤ እዚህ ይህ ሆነ፣ እዚያ ያ ሆነ እያለ በወሬ ስድስት ደቂቃ ገደማ ያንሸራሽረንና መታጠቢያ ቤቱ መጋረጃ ጋ ሲደርስ ጩኸት ይሰማል። የምትጮኸው ተዋናይት በፊልሙ ውስጥ በዚያ ቦታ የምትገደለው እንኳን አይደለችም። ሦስቱም የሚሠሩት እኛ በምናውቀው ነገር ነው። የተዘጋ በር፣ የተቋረጠ ዜማ፣ ባዶ ኮሪደር በራሳቸው አያስፈሩም፤ የሚያስፈሩት ከዚህ በፊት በነበሩ ፊልሞች ምን ይከተላቸው እንደነበር ስለተማርን ነው። አስፈሪ ፊልም አይቶ የማያውቅ አረጋዊ ቢያያቸው «ምን ሆነው ነው በሩን የማይዘጉት?» ከማለት አያልፍም።

የሌለ መሆኑን የምናውቀውን ነገር እንዴት እንደምንፈራ ለማስረዳት ፈላስፎች ብዙ ደክመዋል። ኬንዳል ዋልተን በ1978 በጻፈው ጽሑፍ፣ ስክሪን ላይ የሚሳብ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያየ ሰው ልቡ ይመታል፣ እጁ ወንበሩን ይጨብጣል፣ ነገር ግን ተነስቶ አይሮጥም፣ ፖሊስም አይጠራም ይላል። እንግዲያው የፈራው «እንደ ማስመሰል» ነው። ኖኤል ካሮል በ1990 ስለ ዘውጉ ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ሌላኛውን ጫፍ ያነሳል፦ የሚያስጠላንን ነገር ለምን ከፍለን እናየዋለን? የእሱ መልስ የማወቅ ጉጉት ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ድካም አላቸው፤ ዋልተን ፍርሃቱን ማስመሰል ሲለው የሚመታው ልብ አይቀበለውም፣ ካሮልም ጉጉት የሚለው ነገር መልሱን አስቀድሞ በሚያውቅ ተመልካች ዘንድ አይሠራም። ለእኔ ቁልፉ ያለው መፍራታችን እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አይመስለኝም። ቁልፉ ከሚያስፈራን ጋር ያለን ውል ነው።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገበያው የቆመው በተራ ነው፤ ሸራ የፈለገ ሸራ ተራ፣ ቆርቆሮ የፈለገ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ የፈለገ በርበሬ በረንዳ ይሄዳል፤ ምናለሽ ተራ የገባ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ እንደሚገዛ አውቆ ነው የሚገባው። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ማታለል አይደለም፤ ማታለል የሚሆነው ያንኑ ዕቃ አብለጭልጮ አዲስ ዕቃ ተራ ወስዶ መሸጥ ነው። የዘውግ ልማድም እንዲሁ ነው። ግራጫው ዓርማ፣ የሚጠቁረው ስክሪን፣ ከርዕሱ በኋላ የሚመጣው ጩኸት ተመልካቹን የሚያስፈሩትን ያህል «የገባኸው አስፈሪ ተራ ነው፤ እዚህ የሚሸጠው ድንጋጤ ነው፤ ሰው አልሞተም» ይሉታል። ብዙ የፊልም ሐያሲ ልማድን እንደ ስንፍና ያያል፤ ያው ነገር ተደገመ ብሎ ያጣጥላል። እኔ ደግሞ ድግግሞሹ የቲዘሩ ሐቀኝነት ነው እላለሁ። ልማዱን አክብሮ የሚያስፈራ አይዋሽም። ከሃይማኖት ወገን ሊመረመር የሚገባው ልማዱን ተውሶ፣ ተራውን ለቆ፣ «እኔ ፊልም አይደለሁም» የሚለው ነው። ወደ እሱ ከመምጣቴ በፊት ግን ከአማኝ ወገን የሚነሳውን ብርቱ ክርክር ልመልስ።

ክርክሩ ውል የሚባለው ነገር የተመልካቹን ነፍስ አያውቅም የሚል ነው። ማየት ማስተናገድ ነው ይባላል፤ ሰው አውቆ የከፈተው በር አላውቅም ስላለ አይዘጋም። ለዚህ ክርክር ከቤተ ክርስቲያን አባቱ ከአውግስጢኖስ የተሻለ ምስክር የለም። «ኑዛዜ» በተባለው ድርሰቱ 6ኛ መጽሐፍ ስለ ወዳጁ አሊጵዮስ ይተርካል። አሊጵዮስ ሰው ከሰው የሚጋደልበትን ትርኢት የሚጠላ ወጣት ነበር፤ ጓደኞቹ ጎትተው ሮም ውስጥ ወደ ትርኢቱ ሜዳ ሲያስገቡት ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ያሸነፈው ያየው ነገር አልነበረም። ሕዝቡ ባንድ ላይ ሲጮህ በጆሮው ገባበት፤ ዓይኑን ገለጠ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን መንቀል አቃተው። አውግስጢኖስ ጆሮውንም በዘጋ ኖሮ ብሎ ይቆጫል። የቲዘር ሠሪዎች ይህን ገጽ ያነበቡት ይመስላል፤ የሥራቸውን ግማሽ የሚሠሩት በድምፅ ነውና፤ ዓይናችንን በእጃችን ስንሸፍን ጆሯችን ክፍት መሆኑን ያውቃሉ። ክርክሩ ስለዚህ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አሊጵዮስ ያየው የእውነት ደም ነበር። የሞተው ሰው በማግሥቱ አልተነሳም። አውግስጢኖስን ያስቆጨው ወዳጁ መደንገጡ ሳይሆን በሰው ሞት መጣፈጡ ነው፤ ድንጋጤውማ ቢቆይለት ኖሮ ባዳነው ነበር። የተዋናይት ጩኸትና የሚገደል ሰው ጩኸት በጆሮ አንድ ቢመስሉም በኅሊና አንድ አይደሉም። እንዲያውም ይህ ልዩነት ኋላ ይጠቅመናል።

ከእስልምና ወገን የሚመጣው ምርመራ ከዚህ የረቀቀ ይመስለኛል። በ1111 ያረፉት ኢማም ገዛሊ ኢሕያኡ ኡሉሙዲን በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ፍርሃትና ተስፋ በጻፉት ክፍል ፍርሃትን በሦስት ይለኩታል። የበዛው ተስፋ ያስቆርጣል፣ ስለዚህ የተነቀፈ ነው። መካከለኛው ሰውን ከክፉ ሥራ መልሶ ወደ በጎ ይነዳዋል። ያነሰው ደግሞ ጥቅስ ሲነበብ ዕንባ የሚያፈስ፣ ንባቡ ሲያልቅ ወደ ነበረበት ዝንጋታ የሚመለስ ሰው ፍርሃት ነው። በዚህ ሚዛን ቲዘር የሚፈጥረው ፍርሃት ከሦስተኛውም ያንሳል፤ ላቡ ሳይደርቅ ሌላ ቪዲዮ እንከፍታለንና። የገዛሊን ፍርድ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ከአስፈሪ ፊልም ቲዘር ተነስቶ ንስሐ የገባ፣ ተውበት ያደረገ ሰው አይጠበቅም። ግን ፍሬ የሌለው ነገር ሁሉ ነውር አይደለም። ቲዘሩ ላስተካክልህ አላለም። ነቢይ አስጠንቃቂም አብሳሪም ሆኖ ይላካል፤ ቲዘር ከሁለቱ አንዱንም ነኝ ብሎ አያውቅም። ፍሬ አፈራለሁ ብሎ ቃል ስላልገባ ቃሉን አላጎደለም ማለት ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ ይህ እንኳን ሊባልለት የማይችል ብዙ ነገር አለ።

እኛ ዘንድ ማስፈራት ባለሙያ አጥቶ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የታወቀ የዘውግ ሕግ አለው፤ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲሳሉ፣ ክፉዎች፣ ሰቃዮችና አጋንንት በጎን በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ማንበብ የማይችል ገበሬ ግድግዳውን በዓይኑ ሲያስስ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንውሰድ። 78 ሰው የበላ፣ የገዛ ቤተሰቡን እንኳን ያልማረ ሰው፤ የትኛው የሆሊውድ ጭራቅ ይህን ያህል ይጨክናል? ሠዓሊው ሰው ሲቆርጥ፣ ሲበላ ይሥለዋል፤ አልሸፈነም፣ አልነፈገም። ነገር ግን በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውኃ የፍርድ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ፣ ጥላዋ አርፎበት፣ ነፍሱ ስትድን እዚያው ግድግዳ ላይ ይሥላል። የቅዱስ ሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክም እንዲሁ ነው። ሕፃናትን የምትገድለው ውርዝልያ የምታስፈራ ብትሆንም በፈረስ ላይ ሆኖ በጦር የወጋት ቅዱስ ከሥዕሉ ተለይቶ አያውቅም። ይህ ታሪክ የሚጻፍበት የብራና ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር፤ ላዩ ላይ የሚሣሉት ትላልቅ ዓይኖች የሚያስፈራሩት ባለክታቡን ሳይሆን ጋኔኑን ነው። ቤተ ክህነት ክታብን ትንቀፍ እንጂ የሠሪዎቹ ሐሳብ ይገርመኛል፤ የሚያስፈራ ሥዕል የሚያስፈራውን ጋኔን ማስፈራሪያ ሆነ። በሁለቱም መንገድ ግን ባህላችን ፍርሃትን ብቻውን ትቶ አልሄደም። መጨረሻውን አብሮ ያሳያል። ቲዘር የሚያቆመው ሚዛኑ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ልዩነታቸው እዚህ ነው እንጂ በልማድ መኖርና አለመኖር አይደለም። ሁለቱም ልማዳቸውን አይደብቁም፤ የራጉኤልን ግድግዳ አይቶ ፎቶግራፍ ነው ያለ የለም።

አሁን ደግሞ የራሴን ክርክር የሚፈታተን ማስረጃ ላምጣ። አስፈሪ ዘውግ ሁልጊዜ ሐቀኛ አልነበረም። በ1999 «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ሲወጣ ሦስት ወጣቶች ጫካ ገብተው ጠፉ፣ ይህ የተገኘው የካሜራቸው ቅጂ ነው ተብሎ ነበር የተዋወቀው። ተዋናዮቹ በእውነተኛ ስማቸው ነበር የተጠሩት፤ የጠፉ ሰዎች ማፈላለጊያ ወረቀት ተበተነ፤ የአንዷ ተዋናይት እናት በልጇ «ሞት» የማጽናኛ ካርድ ደርሷቸዋል። ፊልሙ በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር ተቀርጾ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ከአሥር ዓመት በኋላ የ«ፓራኖርማል አክቲቪቲ» ማስታወቂያ ከፊልሙ ይልቅ በጨለማ የሚቀረጹ፣ ከወንበራቸው የሚዘሉ ተመልካቾችን አሳየን፤ ምስክር አቆመ ማለት ነው። በኦገስት 2018 ደግሞ የ«ዘ ነን» አጭር ማስታወቂያ ሌላ ቪዲዮ ሊያዩ በተቀመጡ ሰዎች ስልክ ላይ የድምፅ መቀነሻ ምልክት ካሳየ በኋላ በጩኸት ፊት ደቀነባቸው፤ ዩቲዩብ ሕጌን ይጥሳል ብሎ አነሳው። እነዚህ ሁሉ የሚነግሩን ልማዱ ራሱ ውል መሆኑን ነው። «ዘ ነን» ሲኒማ ቤት ውስጥ ያንኑ ጩኸት ቢያሰማ የሚከስሰው የለም፤ የተከሰሰው ድንጋጤ ባልተጠየቀበት ተራ ስለሸጠ ነው። «ብሌር ዊች»ም ቢሆን ውሸቱ የቆየው ለአንድ ሰሞን ብቻ ነበር፤ ተዋናዮቹ ወጥተው ቃለ መጠይቅ ሰጡ፣ ዘዴውም ራሱ ልማድ ሆነ፤ ዛሬ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ ያየ ሰው «የተገኘ ቅጂ» ነው ብሎ አይታለልም። ዘውጉ ውሸቱን መልሶ ዋጠው።

የእኛ ገበያ ግን ውሸቱን አልዋጠውም። ማይክል ቶማስ የተባለ ተመራማሪ ስለ አማርኛ ፊልም በጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ፍቅርን ያስቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲኒማችን የቆመው በፍቅር ፊልም፣ በአስቂኝ የፍቅር ፊልምና በልብ አንጠልጣይ ነው። አስፈሪ ፊልም እምብዛም አልተሠራም። የአስፈሪ ፊልም ልማድ ግን አልቀረም፤ በሌላ በር ገብቷል። አጋንንት ሲወጡ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን አስታውሱ፤ መጀመሪያ በቪሲዲ፣ ዛሬ በዩቲዩብና በቲክቶክ። ከመግቢያቸው አንዱን ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ነጎድጓድ ይሰማል። ደም የሚንጠባጠብ የሚመስል ቀይ ፊደል ይወጣል። አንዲት ወጣት ፀጉሯ ፊቷን ሸፍኖ ትታያለች፤ ምስሉ ይዘገያል፤ ድምፁ ጎርንኖ ይጎተታል። «ማነህ?» ይላል ጠያቂው። ከመመለሷ በፊት ይቆረጣል። ሌላ ፊት፣ ሌላ ጩኸት፣ ከዚያ የአገልጋዩ ስምና ስልክ ቁጥር፤ በመጨረሻም፣ ርዕሱ ካለፈ በኋላ፣ አንድ የተረፈ ጩኸት። ከኦርቶዶክሱ ወገን አለ፣ ነቢይ ነኝ ከሚለው አዳራሽ አለ፣ በሩቅያ፣ ማለትም በቁርኣን ንባብ ፈውስ ስም የሚለቀቅም አለ፤ በሃይማኖት የሚለያዩት በኤዲቲንግ አንድ ናቸው። ከሆሊውድ ቲዘር ምንም አላስቀሩም፣ ከአንድ ነገር በቀር፦ ቲዘር ነኝ አይሉም። እውነት ነው ይላሉ። በእኔ እምነት አያቶቻችን የሰይጣን ቤት ያሉት ስም ዛሬ የሚገባው ቦታ ካለ ይኸው ነው፤ ሲኒማ ቤቱ በሐሰት ተወነጀለ።

የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። አጋንንት የሉም እያልክ ነው? አይደለም፤ ይህ ጽሑፍ ስለ መኖራቸው አይከራከርም፤ ወንጌልም ቁርኣንም ስለ ክፉ መናፍስት የሚሉትን አማኙ ያምናል። ጥያቄዬ እውነት ከሆነ ለምን በማስመሰያ ልብስ ይቀርባል የሚል ነው። የማርቆስ ወንጌልን ያነበበ ሰው የክርስቶስ ሥርዓት ከቪዲዮው ጋር ምን ያህል እንደሚጣረስ ያያል። ምዕራፍ 1 ላይ ርኩሱን መንፈስ ዝም ያሰኘዋል፤ አጋንንቱ እንዲናገሩም አይፈቅድም። ምዕራፍ 9 ላይ በሚጥለው ልጅ ዘንድ ሕዝቡ እየተራወጠ ሲሰበሰብ ባየ ጊዜ መንፈሱን ይገሥጸዋል፤ ትርኢቱ እስኪሞቅ አልጠበቀም። ምዕራፍ 5 ላይ ሌጌዎን የተባለው ሲፈወስ ወንጌላዊው ቆም ብሎ የሚያሳየን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት የተቀመጠውን ሰው ነው፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይላካል። ቪዲዮው ተቃራኒውን ያደርጋል። ጋኔኑን ቁጭ አድርጎ ስለ ጎረቤት መተት፣ ስለ አክስት ቅናት ለሰዓት ያናግረዋል፤ የተፈወሰው ሰው መቀመጥ ሁለት ሴኮንድም አይሰጠውም። ይህ ደግሞ የቲዘር ሕግ ነው፤ ሰላም አይሸጥም፣ ስለዚህ ይቆረጣል። በዚህ መካከል የጠፋው በኤዲቲንግ የተቆረጠው የምሕረት ክፍል ብቻ አይደለም። ጋኔኑ ስሟን የጠራት አክስት ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሯ እንዴት ትኖራለች?

ሁለተኛው መልስ የበረታ ነው። ፍርሃቱ ፍሬ ካፈራ ምን አለበት? አንዱ ቪዲዮውን አይቶ ቢመለስ፣ ቢጾም፣ ቢሰግድ፣ ከጥንቆላ ቤት ቢቀር? የበላዔ ሰብእ ሥዕልስ ለዚያው አይደለም እንዴ የተሣለው? ነው፤ ልዩነቱ ግን ሥዕሉ ላይ ያለው በላዔ ሰብእ ሰው ሆኖ ማግሥቱን ገበያ የሚወጣ አለመሆኑ ነው። «ብሌር ዊች» ላይ የጮኸችው ተዋናይት ተከፍሏታል፣ ኋላም ወጥታ እኔ ነኝ ብላለች። ቪዲዮው ላይ የምትጮኸው ልጅ የማንም ተዋናይ አይደለችም። ታማለች፤ ወይም ክፉ መንፈስ ይዟታል፤ ወይም ሁለቱም። የትኛውም ቢሆን በዚያች ሰዓት ፈቃድ የምትሰጥበት ልብ የላትም፤ የመናፍስት ማውጣቱ እምነት ራሱ የሚለው አፏን ሌላ ይዞታል ነው። እንግዲህ ካሜራው ፈቃዱን የተቀበለው ከማን ነው? አውግስጢኖስ ስለ አሊጵዮስ የተቆጨው ቁጭት እዚህ ላይ ይመጣል። አይቶ የመጣፈጡ ኃጢአት የሚከብደው ፊት ለፊቱ ያለው ሰው እውነተኛ ሲሆን ነው። ተመልካቹ ንስሐ ቢገባ እንኳን በሰው መከራ የተገዛ ንስሐ ነው፤ ገዛሊ ያነሰ ያሉት ፍርሃትም ቢሆን እንዲህ ያለ ዋጋ አልጠየቀም።

ይህን ለማየት ከመርካቶ መውጣት አያስፈልግም። አማኑኤል ሆስፒታል፣ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው፣ በዚያው በአዲስ ከተማ ነው። ያቺው ልጅ ወላጆቿ ወደዚያ ቢወስዷት ስሟ ካርድ ውስጥ ይቀራል፤ ለሐኪሟ የታማሚን ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፣ ጩኸቷን ቀርጾ መንገድ ላይ ቢያስጮኸው ያስጠይቀዋል። ሐኪሙ ከአገልጋዩ ይበልጥ ስለሚወዳት አይደለም፤ ሙያው ልማድ ስላለው፣ ልማዱም ውል ስለሆነ ነው። በጠበልና በመድኃኒት መካከል ምረጡ ማለቴ እንዳልሆነም ይታወቅልኝ፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበላቸውን እየጠጡ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መክረዋል፤ ሁለቱ አልተጣሉም። የተጣላው ጠበልና ካሜራ ነው። ጠበል ከሚጠመቀው ሰው መካከል ራቁቱን የሚጠመቅ አለ፤ ድሮ ይህን ያየ ዓይኑን ይመልስ ነበር እንጂ ለጎረቤቱ አይጠቁምም ነበር።

ስለዚህ ጎረምሳው ሆረሩን ያስጭን፤ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ ታናናሾቹ ከተኙ በኋላ ቢያይ ይመረጣል። የእምነት አባቶች፣ ሰባክያንና ኡለማዎች ግን መድረካችሁን በስማችሁ ለሚነግዱት አሳልፋችሁ አትስጡ፤ አገልግሎቱ ይቀረጽ ካላችሁም የታማሚውን ፊት ሸፍኑ፣ ከዳነ በኋላም በልቡ ሆኖ ፈቃዱን ጠይቁት። አንተም አንባቢ፣ አንቺም አንባቢት፣ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ነገ በቴሌግራም ሲደርሳችሁ የምትጮኸው ልጅ የአንድ ሰፈር ልጅ መሆኗን አስባችሁ ለሌላ አታስተላልፉት።